የዓባይ ደለልና የግብጽ ባሕር ዳር ረግረግ
ስለ ታችኛው ግብጽ ምድር መስጠም የቀረበ አጭር የታሪክ ጥናት

መግቢያ

በክረምት ዓባይን ከድልድይ ላይ ቆሞ የተመለከተ ሁሉ ውኃው ደፍርሶ፣ ቀልቶና ከብዶ ሲወርድ አይቷል። ያ ቅላት የውኃው መልክ አይደለም፤ ከጎጃምና ከወሎ፣ ከጎንደርና ከሸዋ፣ ከወለጋም ማሳ የታጠበ አፈር ነው። ተከዜም በበኩሉ የላስታንና የትግራይን አፈር ይዞ ይወርዳል። ይህ አፈር የት ይደርስ እንደ ነበረ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ግብጽ ገብቶ በበረሓው መካከል ጥቁር የእርሻ ምድር ይሆናል፣ የተረፈውም በባሕሩ ዳር ረግረግ ሆኖ ይተኛል። ከ1964 ወዲህ ግን ወደ ባሕሩ የሚደርሰው አፈር ከምንም የማይቆጠር ሆኗል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ፣ ባሕር ከፍ እያለ ሲሄድ በዳርቻው ያለው ረግረግ ምድር ምን ይሆናል? የሚለው ነው። ጥያቄው የዘመናችን ነው፤ ዓለም እየሞቀች በመሄዷ የባሕር ወለል ከ1901 እስከ 2018 ድረስ በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ዳሩ ግን መልሱ በዛሬ መለኪያ ብቻ የሚገኝ አይመስለንም። ባሕርና ረግረግ ሲታገሉ የኖሩት ብዙ ሺሕ ዓመት ነውና፣ የታሪክ ተማሪም በጉዳዩ ላይ የሚናገረው ነገር አለው።

ለምርመራችን የዓባይን አፍ የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ስለዚህ ባሕር ዳር የተጻፈ ነገር ከ2,400 ዓመት ጀምሮ መገኘቱ ነው። ሁለተኛው፣ ምድሩ የተሠራበት አፈር ከአገራችን የሄደ በመሆኑ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን።

1. ረግረግ ከባሕር ጋር እንዴት ይወጣል?

ከመካከላችን ባሕርን በዓይኑ ያላየ ብዙ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይገባናል። በባሕር ዳር ጨዋማ ውኃ አልፎ አልፎ የሚተኛበት፣ ሣርና ሸምበቆ፣ ጨው የሚችልም ቅጠል የበቀለበት ዝቅተኛ ምድር ይገኛል። ይህ ምድር እንደ ድንጋይ ባለበት ጸንቶ የሚኖር አይደለም። ውኃ በመጣበት ጊዜ የሸምበቆው አገዳ የውኃውን ፍጥነት ይገታል፤ ፍጥነቱ የተገታ ውኃ የተሸከመውን ደለል ያራግፋል። የሣሩም ሥር በየዓመቱ እየሞተ ከሥር ይከማቻል። ስለዚህ ረግረጉ በደለልና በገዛ ሥሩ ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ ይላል።

ባሕሩ በጥቂቱ ከፍ ቢል ረግረጉ ወዲያው አይጠፋም፤ ውኃ በብዛት ይጎበኘዋልና ደለሉም ይጨመርለታል። የባሕሩ መውጣት ራሱ ረግረጉን ያሳድገዋል ማለት ነው። ይህንንም አልፍሬድ ሬድፊልድና ሜየር ሩቢን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1962 ባወጡት ጥናት አስረድተዋል። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ አገር ባርንስተብል በተባለ ረግረግ ከጥልቅ ያወጡትን የበሰበሰ ሥር ዕድሜ በራዲዮካርቦን ሲመረምሩ፣ ረግረጉ ከ3,000 ዓመት በላይ ባሕሩ በወጣ ቁጥር አብሮ ሲወጣ መኖሩን አገኙ።

ይሁን እንጂ ለዚህ ነገር ወሰን አለው። ባሕሩ ከደለሉ ቀድሞ የወጣ እንደ ሆነ ተክሉ በውኃ ታፍኖ ይሞታል፤ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ምድሩ ይረግባል፤ በመጨረሻም ረግረግ የነበረው ስፍራ ጥልቀት የሌለው ባሕር ይሆናል። ያን ጊዜ ረግረጉ የሚድንበት አንድ መንገድ ብቻ ይቀረዋል፤ ይኸውም ወደ የብሱ ማፈግፈግ ነው። ከበስተኋላው ግንብ ወይም እርሻ ካለ ግን ይህም መንገድ ተዘጋ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የግብጽ ባሕር ዳር ከሌሎች የሚለይበትን ነገር ማመልከት ያስፈልጋል። በትልልቆቹ ውቅያኖሶች ዳር ባሕሩ በየቀኑ ሁለት ጊዜ እየሞላና እየጎደለ ደለል ለረግረጉ ያድላል። በግብጽ ዳርቻ ያለው የሜዲትራኒያን ባሕር ግን ሲሞላና ሲጎድል ልዩነቱ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የዚህ አገር ረግረግ ለደለሉ ከባሕሩ ይልቅ የወንዙን ሙላት ይጠባበቅ ነበር።

2. ዴልታው የተወለደበት ዘመን

ከታላቁ የበረዶ ዘመን በኋላ በረዶው እየቀለጠ ባሕር በፍጥነት ይወጣ ነበር። በዚያን ጊዜ ዓባይ ደለሉን ቢያመጣም ባሕሩ እየቀደመው ስለ ሸፈነው ምድር ሊሠራ አልቻለም። ዳንኤል ስታንሊና አንድሩ ዋርን በ1994 እንዳስረዱት፣ በዓለም ላይ ያሉ ዴልታዎች ብዙዎቹ መሠራት የጀመሩት ከ8,500 እስከ 6,500 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ፣ የባሕሩ መውጣት በቀዘቀዘበት ወራት ነው። የዓባይም ዴልታ ከእነዚሁ አንዱ ነው። እንግዲህ ይህ ከ20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ምድር የተወለደው ባሕሩ ፍጥነቱን ስለ ቀነሰና ደለሉ ስላልተቋረጠ ነው።

የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ግብጽን በጎበኘ ጊዜ ይህን ነገር በሚያስደንቅ ሁኔታ አስተውሎታል። የግብጽ አፈር ጥቁርና ፍርክስክስ መሆኑን አይቶ፣ ከኢትዮጵያ በወንዝ የወረደ ደለል ነው ብሎ ጽፏል። በእርሱ ዘመን ኢትዮጵያ የሚለው ስም ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን አገር በሰፊው የሚያመለክት መሆኑን ልንዘነጋ አይገባንም፤ ቢሆንም የአፈሩን አመጣጥ አልሳተም። የዛሬ ሊቃውንት ከ100 ውስጥ ከ95 የሚበልጠው ደለል ከዓባይና ከአትባራ፣ ማለት ከተከዜ፣ የመጣ መሆኑን መርምረው አረጋግጠዋል። ነጭ ዓባይ የያዘውን ደለል አብዛኛውን በደቡብ ሱዳን ረግረግ ውስጥ ጥሎ ስለሚያልፍ ድርሻው ጥቂት ነው።

ይህ ረግረግ ለሰው ልጅ ባዶ ስፍራ አልነበረም። የፋርስ ነገሥታት ግብጽን በያዙ ጊዜ አሚርታዮስ የተባለው ባላጋራቸው በረግረጉ ውስጥ መሽጎ እንዳልተያዘ ቱሲዲደስ ጽፏል። በ172 ዓመተ ምሕረትም ቡኮሎይ የተባሉት የረግረጉ ነዋሪዎች በሮም መንግሥት ላይ ተነሥተው ብዙ ችግር ፈጥረዋል። ዓሣና አዕዋፍ፣ ሸምበቆና ደንገል የሞሉበት ምድር ስለ ነበረ ግብር የከበደበት ሰው የሚሸሸው ወደዚያ ነበር።

3. የጠፉት አፎችና የሰጠሙት ከተሞች

ሄሮዶቱስ የዓባይን አፎች ሰባት አድርጎ ቆጥሯል፤ ከእነዚህም ሁለቱ በሰው እጅ የተቆፈሩ ናቸው ብሏል። ዛሬ የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም የረሺድና የድምያጥ ቅርንጫፎች ናቸው። የቀሩት አምስቱ በደለል ተደፍነው ወይም ወደ ቦይነት ተለውጠው ጠፍተዋል።

አንድ ቅርንጫፍ ሲደፈን በአፉ አጠገብ ያለው ባሕር ዳር የዓመት ቀለቡን ያጣል። የዴልታው ምድር ደግሞ ለስላሳ ጭቃ ነው፤ በፖርት ሳይድ አካባቢ የጭቃው ውፍረት እስከ 50 ሜትር ይደርሳል። ይህ ጭቃ በገዛ ክብደቱ እየተጫነ ስለሚረግብ፣ በላዩ አዲስ ደለል ካልተጨመረበት፣ ባሕሩ ባይወጣ እንኳ ምድሩ ወደ ባሕሩ ይወርዳል።

ለዚህ ምስክር የሚሆኑ ሁለት ስፍራዎች አሉ። አንደኛዋ ቶኒስ፣ በግሪኮች አጠራር ሄራክሌዮን፣ ናት። ይህች ከተማ በካኖፕ ቅርንጫፍ አፍ ላይ የቆመች ታላቅ ወደብ ነበረች። በ2000 ፍራንክ ጎዲዮ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ከዛሬው ዳርቻ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአቡ ቂር ባሕረ ሰላጤ ከውኃ በታች አገኛት። ለመስጠሟ የምድር መንቀጥቀጥና የመሠረቷ ጭቃ መክዳት፣ የባሕሩም ቀስ በቀስ መውጣት አንድነት ምክንያት ሆነዋል።

ሁለተኛዋ ቲኒስ ናት። በመንዛላ ሐይቅ ውስጥ ባለ ደሴት ላይ የነበረችው ይህች ከተማ በጥሩ ልብስ ሥራዋ በእስላም ዓለም ሁሉ የታወቀች ነበረች። አል መስዑዲ በ10ኛው መቶ ዓመት በጻፈው ታሪክ ውስጥ፣ የሐይቁ ስፍራ ቀድሞ በለምለምነቱ አቻ የሌለው የአትክልትና የእርሻ አገር እንደ ነበረና፣ ዐረቦች ግብጽን ከመያዛቸው መቶ ዓመት ያህል በፊት ባሕር እንደ ሸፈነው የሚነገረውን ዘግቧል። ከተማዪቱም በ1227 በሱልጣን አል ካሚል ትእዛዝ ፈረሰች። አል መስዑዲ የጻፈው በቃል የወረደ ታሪክ ስለሆነ ዝርዝሩን ሁሉ እንደ ወረደ መቀበል አይገባንም። ይሁን እንጂ የምሥራቁ ዴልታ ከምዕራቡ ይልቅ ፈጥኖ እንደሚሰጥም በጉድጓድ ምርመራ የታወቀ ስለሆነ፣ የነገሩ ፍሬ እውነት ይመስለናል።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት የሚከተለው ነው። ባሕሩ እጅግ ቀስ ብሎ በሚወጣበት በዚያ ዘመን እንኳ ደለል የተቋረጠበት ስፍራ ሰጥሟል፤ ደለል የሚደርስበት ስፍራ ግን ወደ ባሕሩ እየገፋ ሄዷል። የረሺድና የድምያጥ አፎች እንደ ቀንድ ወደ ባሕሩ የወጡት በዚህ ምክንያት ነው።

4. ግንብ፣ ቦይና ግድብ

ከ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ የሰው እጅ በዚህ ምድር ላይ በረታ። በ1801 የእንግሊዝ ጦር በእስክንድርያ የነበረውን የፈረንሳይ ጦር ለመክበብ የእስክንድርያን ቦይ ግድግዳ አፍርሶ፣ በአብዛኛው ደርቆ ወደ ነበረው የማርዩጥ ሐይቅ ስፍራ ባሕሩን ለቀቀበት። ብዙ ምድርም በጨው ውኃ ተሸፈነ። በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ፤ የአቡ ቂር ሐይቅ ውኃው ወጥቶ እርሻ ሆነ። የማርዩጥም ውኃ ከባሕር ወለል 3 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ እንዲቆይ በመኪና እየተቀዳ ወደ ባሕር ይጣላል። ምድርን ከባሕር በታች አድርጎ በግንብና በመኪና ማኖር እንደሚቻል ይህ ያሳያል፤ ነገር ግን መኪናው አንድ ቀን እንኳ እንዲቆም አይፈቀድለትም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን የተደረገው ከባሕሩ ርቆ በአስዋን ነው። በአስዋን ሁለት ግድብ ተሠርቷል፤ የሁለቱም ጠባይ ፈጽሞ የተለያየ ነው። በ1902 የተፈጸመው የመጀመሪያው ግድብ 180 በሮች ነበሩት። በሙላት ወራት በሮቹ ተከፍተው ደፍራሹ ውኃ ደለሉን እንደ ያዘ እንዲያልፍ ይደረግ ነበር፤ የሚጠራቀመው ሙላቱ ካለፈ በኋላ የሚመጣው ጥሩ ውኃ ነው። ያን ግድብ ያቀዱት መሐንዲሶች ደለሉ ሀብት መሆኑን ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ ስለ ግድቡም በደለል አለመሞላት አስበዋል።

ታላቁ ግድብ ግን ከ1960 እስከ 1970 ሲሠራ፣ በ1964 ወንዙን ከዘጋበት ቀን ጀምሮ ሙላቱን ሁሉ ያዘ። በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ የሚገመተው ደለል ከሞላ ጎደል በሙሉ በናስር ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። የረሺድ ጫፍ ከዚያ በፊትም በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ ኋላ ማለት ጀምሮ ነበር፤ ከ1964 በኋላ ግን ባሕሩ በዓመት እስከ መቶ ሜትርና ከዚያም በላይ ይበላው ጀመር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ግንብ እስኪሠራለት ድረስ ከሁለት ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ምድር ጠፍቷል። ስታንሊና ዋርን በ1998 ባወጡት ጽሑፍ የዓባይ ዴልታ የማደጊያ ዘመኑን ጨርሶ ወደ መፍረሻ ዘመኑ ገብቷል ብለዋል።

5. የዛሬው ሁኔታ

ከ2006 እስከ 2018 ባለው ጊዜ የዓለም ባሕር በአማካይ በዓመት 3.7 ሚሊ ሜትር ወጥቷል። በ2023 በኒል ሴንቲላን መሪነት የታተመ ጥናት፣ ከበረዶው ዘመን በኋላ የነበረውን የባሕር መውጣት ከዛሬው ጋር አስተያይቶ፣ ባሕሩ በዓመት ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ሲወጣ ረግረጎች ወደ ኋላ መቅረት እንደሚጀምሩ፣ 7 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ግን ወደ ኋላ የመቅረታቸው ዕድል እጅግ ከፍተኛ እንደሚሆን ገምቷል። በግብጽ ባሕር ዳር ደግሞ በባሕሩ መውጣት ላይ የምድሩ መርገብ ይደመርበታል።

እንግዲህ የቀድሞው ሙላት ቢመለስ ረግረጉን ያድነው ነበርን? ይህን ስንጠይቅ ራሳችንን እንዳናታልል መጠንቀቅ አለብን። ዓባይ በሸለቆው ሜዳ ላይ ይተወው የነበረው ደለል ሲለካ በመቶ ዓመት 10 ሴንቲ ሜትር፣ ማለት በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በአፎቹ አጠገብ የሚተኛው ከዚህ ይበልጥ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ሆኖም የቀድሞው ደለል የዛሬውን ባሕር በሁሉም ስፍራ ይቀድመዋል ለማለት አንደፍርም። ጉዳዩ ከብዶ የሚታየንም በዚህ ምክንያት ነው፤ ቀለቡ የተቋረጠበት ረግረግ የገጠመው ከቀድሞው ይልቅ የፈጠነ ባሕር ነው።

የማፈግፈጊያውም መንገድ ጠቧል። መንዛላና ቡሩሉስ ከበስተኋላቸው በእርሻ፣ በዓሣ ኩሬ፣ በመንገድና በከተማ ተከበዋል። የመንዛላ ሐይቅ በ20ኛው መቶ ዓመት ካጣው ስፋት አብዛኛውን የወሰደው ባሕሩ ሳይሆን ምድር ለማግኘት ያጠነፈፈው ሰው ነው። ከዚህም ጋር ከእርሻ የሚወርደው የቦይ ውኃ ሐይቆቹን ከጨዋማነት ወደ ጣፋጭነት ለውጧቸው ሸምበቆ በዝቶባቸዋል።

የአገሩ ሰው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በሰሜን ዴልታ ገበሬው ጨው ወደ ላይ እንዳይወጣ በሩዝ ማሳው ላይ ውኃ ያቆማል። በቡሩሉስ ዳር አንዳንድ ገበሬዎች አሸዋ እያጋዙ ማሳቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ሙላቱ በነጻ ያደርግ የነበረውን ሥራ ዛሬ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ይሠራዋል። መንግሥቱም በ2017 በጸደቀ ዕቅድ 69 ኪሎ ሜትር በሚያህል ዳርቻ ላይ በሸምበቆ አጥር ነፋስ የሚነዳውን አሸዋ የሚይዝ ዝቅተኛ ግድግዳ ማሠራት ጀምሯል። ይህ ከኮንክሪት ግንብ ይልቅ የተፈጥሮን መንገድ የተከተለ ስለሆነ ብልሃቱ የሚመሰገን ነው።

6. የሚነሡ ክርክሮችና የእኛ አስተያየት

ታላቁ ግድብ ጥፋት ብቻ አመጣ ብለን የምናስተምር እንዳይመስልብን እንፈልጋለን። ግድቡ ለግብጽ የኤሌክትሪክ ኃይል ሰጥቷታል፤ በ1980ዎቹ ዝናብ በጠፋ ጊዜም ከረኃብ አድኗታል። በወቅቱ የነበሩት ሰዎች የሚያስጨንቃቸው የሚበላው ሕዝብ እንጂ በአንድ ሺሕ ኪሎ ሜትር ርቀት ያለው ረግረግ አልነበረም። ይህን ሳያስቡ መፍረድ የታሪክ ተማሪ ሥራ አይደለም።

እኛን ያስገረመን ሌላ ነገር ነው። ስለ ዓባይ ከጥንት ጀምሮ የተደረገው ክርክር በአብዛኛው ስለ ውኃው ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1443 ለሱልጣን ጃቅማቅ በላኩት ደብዳቤ ወንዙን ለመያዝ እንደሚችሉ፣ ነገር ግን ስለ እግዚአብሔር ብለው እንደተዉት አመልክተዋል። በ1959 ግብጽና ሱዳን ያደረጉት ውል 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለግብጽ፣ 18.5 ቢሊዮን ለሱዳን ብሎ ውኃውን ያከፋፍላል፤ ለእኛ አገር አንዳች ድርሻ አልተወም። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ስለ ደለሉ የተከራከረ የለም። ውኃው በሜትር ኩብ ሲቆጠር ምድሩን የሠራው አፈር ሳይቆጠር ቀረ።

በቅርቡም የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በ2011 ተጀምሮ በሴፕቴምበር 2025 ሲመረቅ ብዙ ክርክር ተሰምቷል። ስለ ደለሉ በተለይ ከተናገርን ግን፣ ደለሉ ወደ ባሕሩ መድረሱ የቀረው ይህ ግድብ ከመጀመሩ 47 ዓመት በፊት ነው። በመካከሉም የሱዳኑ የሮዘይሬስ ግድብ ከመጀመሪያው የመያዝ ኃይሉ ሲሶ ያህሉን በደለል አጥቶ በ2013 ከፍ እንዲል መደረጉን እናስታውሳለን። የእኛም ግድብ ከዚህ ዕጣ ነጻ አይደለም።

ለደጋው ገበሬ ደግሞ ይህ አፈር በፈቃዱ የሰጠው ስጦታ አልነበረም። በየክረምቱ ከማሳው ላይ እየተቆረሰ የሄደ ሀብቱ ነው። ስለዚህ ዴልታው እንዲድን ማሳችን ይታጠብ የሚል አሳብ ልናቀርብ አንችልም፤ እርከን መሥራትና ዛፍ መትከል ግዴታችን ነው። እውነተኛው አስቸጋሪ ነገር እዚህ ላይ ይገኛል፤ ላይኛው አገር የሚያጣውን አፈር ታችኛው አገር አያገኘውም፤ መካከል ላይ በግድብ ሥር ተቀብሮ ለማንም ሳይጠቅም ይቀራል።

መደምደሚያ

ከላይ እንዳየነው የባሕር ዳር ረግረግ በባሕር መውጣት ብቻ አይጠፋም። ደለልና ማፈግፈጊያ ስፍራ ካገኘ ለብዙ ሺሕ ዓመት ከባሕሩ ጋር አብሮ ሊወጣ ይችላል፤ ሁለቱን ከተነፈገ ግን ባሕሩ ቀስ ብሎ ቢወጣም ይሰጥማል። ቶኒስና ቲኒስ፣ ረሺድና መንዛላ ይህንኑ ይመሰክራሉ። ዛሬ ባሕሩ ፍጥነቱን በጨመረበት ሰዓት ደለሉ ተቋርጧል፣ ስፍራውም ተይዟል።

ስለ ዓባይ ወደፊት የሚነጋገሩ ሰዎች ከውኃው ልክ ጋር የአፈሩንም ልክ በመዝገባቸው እንዲያስገቡ ማሳሰብ እንወዳለን። በኮሌጃችን የጂኦግራፊና የእርሻ ትምህርት የሚከታተሉ ጓደኞቻችንም ከአንድ ወረዳ በአንድ ክረምት የሚታጠበውን አፈር ለክተው ለዚህ መጽሔት ቢያቀርቡ፣ እኛ ከታችኛው ጫፍ የጀመርነውን ታሪክ ከላይኛው ጫፍ ሊያሟሉልን ይችላሉ።